መጽሐፉ በፖስታ ይመጣል፤ ተከራካሪውስ?

የቀን ሥራውን ጨርሶ፣ ራቱን በልቶ፣ ቤተ ሰዎቹ ከተኙ በኋላ መብራቱን ወደ ራሱ አስጠግቶ መጽሐፍ የሚገልጥ ወጣት በማንኛውም አገር ቢታይ ደስ ያሰኛል። ቀን ሠራተኛ፣ ማታ ተማሪ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። እንቅልፍ ይጎትታል፤ ያልተፈጸመው የቢሮ ጉዳይ በአሳብ ይመላለሳል፤ ጓደኞች ለጨዋታ ይጠራሉ። ይህን ሁሉ ድል ነሥቶ ለመማር የሚቀመጥ ሰው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ምስጋና ብቻውን አይበቃውም፤ ምክርም ያስፈልገዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገር ያሰብነው ከእነዚህ የማታ ተማሪዎች መካከል ስለ አንዱ ወገን ነው። እነርሱም የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ በከፍተኛ ደረጃ፣ ይኸውም «ኤ ሌቭል» በሚባለው ደረጃ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በርቀት ትምህርት የሚያጠኑት ናቸው።

«ኤ ሌቭል» በእንግሊዝ አገር ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ መደምደሚያ ፈተና ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ተማሪው ብዙ ዓይነት ትምህርት አያጠናም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ብቻ መርጦ ሁለት ዓመት ያህል በጥልቀት ይማራል። ውጤቱም ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ዋነኛው በር ነው። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ የኢትዮጵያውያን ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ይወስዱታል። ዕድሜያቸው ከትምህርት ቤት ያለፈ፣ ሥራ የያዙ ወይም ልጆች የሚያሳድጉ ደግሞ ትምህርቱን በርቀት ሊከታተሉት ይችላሉ። ከእንግሊዝ ውጭም በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሰጥ የዚሁ ፈተና ዓይነት ስላለ፣ ጉዳዩ ሎንዶን ለሚኖረው ብቻ ሳይሆን ዱባይም አዲስ አበባም ላለው ወጣት የሚነካ ነው።

የሥነ ጽሑፉ ትምህርት የሚጠይቀው ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር በተደነገገው መሠረት ተማሪው ቢያንስ 8 መጻሕፍት ማጥናት አለበት። ከእነዚህም ቢያንስ 3ቱ ከ1900 በፊት የተጻፉ፣ ከ3ቱም አንዱ የሼክስፒር ቴአትር፣ ከ8ቱ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ከ2000 ወዲህ የወጣ መሆን ይገባዋል። ከዚህም በላይ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ጽሑፍ በፈተናው ዕለት ይቀርብለትና ያለ ማንም ረዳት እንዲተረጉመው ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ «ለመሆኑ ሹመት ለያዘ ወጣት ሥነ ጽሑፍ ምን ያደርግለታል? ሒሳብ አያያዝ ወይም ሕግ ቢማር አይሻለውምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ሹም ሥራ አብዛኛው ምንድን ነው? የሰው ቃል ማንበብ ነው። አቤቱታ ይመጣለታል፤ አቤት ባዩ የጻፈውንና ሊጽፍ ፈልጎ ያልደፈረውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ሪፖርት ይመጣለታል፤ ሪፖርት አቅራቢው ያጎላውንና ያድበሰበሰውን መመርመር አለበት። ሁለት ባላጋራዎች ስለ አንድ ነገር ሁለት ዓይነት ሲናገሩ፣ ሁለቱንም በትዕግሥት ሰምቶ ሚዛን መያዝ አለበት። በጥሩ መምህር እጅ የተማሩት ሥነ ጽሑፍ የሚያስለምደው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ጌጥ ነው ብለን አንንቀውም። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን የመሰለውን ትምህርት ሰው ብቻውን፣ በክፍሉ ተዘግቶ፣ ከሩቅ በሚላክለት ጽሑፍ ብቻ ሊማረው ይችላልን?

መልሱን ለማግኘት የርቀት ትምህርት ከየት እንደ ተነሣ ማየት ይጠቅማል። በ1840 በእንግሊዝ አገር ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ወደ ማናቸውም ስፍራ እንዲላክ ተፈቀደ። ወዲያውም አይዛክ ፒትማን የተባለው ሰው ራሱ ያወጣውን የአጭር ጽሕፈት ዘዴ በፖስታ ካርድ ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹ የተላከላቸውን በአጭር ጽሕፈት ገልብጠው ይመልሱለት ነበር፤ እርሱም አርሞ መልሶ ይልክላቸው ነበር። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። የፒትማንን ሥራ ትምህርት ያሰኘው የሄደው ካርድ አይደለም፤ ታርሞ የተመለሰው ካርድ ነው። ካርዱ ሄዶ ቢቀር ኖሮ ማስታወቂያ እንጂ ትምህርት ባልተባለ ነበር።

በ1858 የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ በአዲስ ቻርተር በሩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ በኮሌጁ ያልተማረ ሰው በየትም ስፍራ አጥንቶ ለዲግሪው ፈተና መቅረብ ቻለ። በ1878 ደግሞ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ከእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ቀድሞ ለሴቶች ዲግሪ ለመስጠት ወሰነ። ከዚህ የተነሣ መንገድ ርቆባቸው፣ ገንዘብ አጥሮአቸው ወይም ልማድ አግዶአቸው ከትምህርት ተለይተው የነበሩ ብዙ ሰዎች የሊቃውንትን ማዕርግ አገኙ። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው የከፈተው የፈተናውን በር ነበር፤ የማስተማሩን ነገር እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ቻለ እንዲወጣው ተወው።

ይህንን ጉድለት የተመለከቱ ሰዎች በሃያኛው መቶ ዓመት ሌላ መንገድ አሰቡ። በ1963 ማይክል ያንግና ብራያን ጃክሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በካምብሪጅ ከተማ ብሔራዊ የኤክስቴንሽን ኮሌጅ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ይህ ኮሌጅ እስካሁን ድረስ «ኤ ሌቭል»ን በርቀት ከሚያስተምሩት አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ሃሮልድ ዊልሰን፣ በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ በግላስጎው ንግግር አደረጉ። ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ጄኒ ሊ አሳቡን ከዳር አደረሱት። «ኦፕን ዩኒቨርሲቲ» የተባለው ተቋም በ1969 ቻርተሩን ተቀብሎ በ1971 መጀመሪያ ከ20,000 የሚበልጡ ተማሪዎች ይዞ ማስተማር ጀመረ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ምንም የቀድሞ ምስክር ወረቀት ሳይጠይቅ ተማሪ በመቀበሉ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። የኦፕን ዩኒቨርሲቲ መሥራቾች የታተመ ጽሑፍ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሁሉ በእጃቸው ነበረ። ነገር ግን በዚህ አልረኩም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ድርሰቱን የሚያርምለት አስተማሪ መደቡለት፤ በየከተማው መሰብሰቢያ አዘጋጁ፤ በክረምት ደግሞ ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል በአንድ ግቢ ተሰብስበው እንዲማሩና እንዲከራከሩ አደረጉ። የርቀትን ትምህርት ከሁሉ በላይ ያወቁት ሰዎች ርቀቱን ለማጥበብ ይህን ያህል ከደከሙ፣ ብቻውን ተቀምጦ የሚማረው ወጣት ርቀቱን እንደ ቀላል ነገር ሊቈጥረው አይገባም።

ሌላው ትምህርት እንኳ ቢሆን መምህር ይፈልጋል። የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ግን ከመምህርም ሌላ ተከራካሪ ይፈልጋል። ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ከሼክስፒር ቴአትሮች መካከል «ኦቴሎ» ለዚህ ፈተና በብዙው ከሚጠኑት አንዱ ነው። ለኛም አገር አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ኦቴሎ ጀግና የጦር አዛዥ ነው። ኢያጎ የተባለው የበታቹ በሐሰት ወሬ አሳብዶት ንጹሕ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ይገድላል። ጥያቄው እንዲህ ነው፤ ኦቴሎን ያጠፋው ማን ነው? የኢያጎ ተንኰል ነው ወይስ የኦቴሎ የራሱ ጠባይ?

በ1904 ኤ. ሲ. ብራድሌይ የተባለው መምህር ስለ ሼክስፒር ትራጄዲዎች በጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ ኦቴሎ ባሕርይው የከበረ ሰው መሆኑን፣ ያጠፋውም የኢያጎ እጅግ የረቀቀ ተንኰል መሆኑን ተናገረ። በ1937 ደግሞ ኤፍ. አር. ሊቪስ የተባለው የካምብሪጅ መምህር ተነሥቶ ይህን አሳብ በብርቱ ተቃወመ። እንደ ሊቪስ አሳብ ኢያጎ ዘሩን ዘራ እንጂ መሬቱን አላዘጋጀም፤ ኦቴሎ ራሱን ከሚገባው በላይ የሚያደንቅ፣ ሚስቱንም በእውነት የማያውቅ ሰው ስለ ነበር ውድቀቱ ከገዛ ልቡ የመጣ ነው። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እንግዲህ ብቻውን የሚያጠና ተማሪ በተላከለት ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም ስሞች ያገኛቸዋል። «ብራድሌይ እንዲህ አለ፤ ሊቪስ እንዲያ አለ» ብሎ ይሸመድዳል። በፈተናው ላይም ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ይወጣል። ይህ ግን ክርክር አይደለም፤ የሁለት ሰዎችን ስም መጥራት ነው። ራሱ ወደ አንዱ አሳብ ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ከፊቱ ተቀምጦ፣ «ቈይ እስቲ! ይህን ስትል እዚያ ገጽ ላይ ኦቴሎ የተናገረውን እንዴት ታደርገዋለህ?» የሚለው ሰው የለውም። አሳቡ ሳይፈተን ይኖራል። ያልተፈተነ አሳብ ደግሞ በቤት ውስጥ ሲቀመጥ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ገበያ ሲወጣ መዳብ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የተረዱት እንግሊዞች ብቻ እንዳይመስለን። የኛ አባቶች ከብዙ ዘመን በፊት ተረድተውታል። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የነበሩትን የቅኔ ቤቶች እናስብ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቈጥር ከሰው ይለያል፤ ዛፍ ሥር ወይም ከመቃብር ቤት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ከቃላት ጋር ይታገላል። ይህ የብቸኝነት ሰዓት ግድ ነው። ነገር ግን ቈጥሮ ሲያበቃ እቤቱ ይዞት አይተኛም። ወደ መምህሩ ይሄድና በጓደኞቹ ፊት ይነግራል። መምህሩ ያቀናለታል፤ ጓደኞቹም ይሰሙታል። ያልተነገረ ቅኔ እንዳልተቈጠረ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ ቈጠራ፣ ሁለተኛው ነገራ። የርቀት ትምህርት ለቈጠራው እጅግ ይመቻል፤ ነገራውን ግን ተማሪው ራሱ ፈልጎ ካላገኘው በአንድ እግሩ እያነከሰ ይቀራል።

የመጽሐፍ ትርጓሜውም ቢሆን እንዲሁ ነው። በጉባኤ ቤት አንዱ ንባብ ይነበብና ትርጓሜው ይሰጣል። ከዚያም «አንድም» ይባልና ሌላ ትርጓሜ ይከተላል። ሁለተኛው የፊተኛውን አያፈርሰውም፤ ከጎኑ ይቆማል እንጂ። በ«ኤ ሌቭል» የሥነ ጽሑፍ ፈተና ማርክ ከሚሰጥባቸው ነገሮች አንዱ፣ ተማሪው አንድ ጽሑፍ በልዩ ልዩ መንገድ ሊተረጎም እንደሚችል ማወቁንና ማመዛዘኑን ማሳየቱ ነው። የአንድምታን ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ከባዕድ አገር የመጣ እንግዳ ብልሃት ሊመስለው አይገባም። ከቤቱ ያለውን መሣሪያ አንሥቶ ቢሠራበት ነው የሚሻለው።

አሁን ደግሞ መጽሐፍና ጓደኛ ሲገናኙ ምን ያህል ኀይል እንዳላቸው የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናንሣ። ሥፍራው በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የሮበን ደሴት ወኅኒ ቤት ነው። በአፓርታይድ ዘመን እስረኞቹ ቀን ድንጋይ ይፈልጡ ነበር፤ ከእነርሱም የተፈቀደላቸው ማታ በደብዳቤ ልውውጥ ይማሩ ነበር። ኔልሰን ማንዴላ ራሳቸው በእስር ዘመናቸው ቀደም ሲል በጠቀስነው በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ የርቀት ተማሪነት ሕግ አጥንተዋል፤ በመጨረሻም በ1989 የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት በርቀት ከሚያስተምረው ከደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚያ ደሴት ሶኒ ቬንካትራትናም የተባለ እስረኛ የሼክስፒርን ሥራዎች በሙሉ የያዘ አንድ መጽሐፍ ነበረው። ጠባቂዎቹ እንዳይወስዱበት የሕንዶች የበዓል ካርዶች፣ የአማልክት ሥዕል ያለባቸውን፣ በሽፋኑ ላይ ለጠፈና የሃይማኖት መጽሐፌ ነው አለ። መጽሐፉም በእስረኞቹ እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ። ቬንካትራትናም ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ጓደኛው ልቡን የነካውን ስፍራ መርጦ ከአጠገቡ ስሙን እንዲፈርምበት ለመነ። ከ30 የማያንሱ እስረኞች ፈረሙ። ማንዴላ በታኅሣሥ ወር 1977 ዓ.ም. የፈረሙት ጁልየስ ቄሣር ስለ ፍርሃትና ስለ ሞት በሚናገርበት ስፍራ ነው። ዋልተር ሲሱሉ ደግሞ «የቬኒስ ነጋዴ» በተባለው ቴአትር የተናቀው ሻይሎክ የደረሰበትን ግፍ ስለ መታገሡ የሚናገርበትን መረጡ።

መጽሐፉ አንድ ነው፤ ምርጫው ግን እንደ ሰዉ ብዛት ነው። አንዱ ድፍረትን፣ ሁለተኛው ትዕግሥትን አየበት። እነዚያ ሰዎች ከዓለም ሁሉ የራቁ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ግን አልተራራቁም። ዛሬ በትልቅ ከተማ መካከል ተቀምጦ፣ በእጁ የሺህ ቤተ መጻሕፍት ቍልፍ የሆነ ስልክ ይዞ፣ ነገር ግን ስላነበበው መጽሐፍ አንድም ሰው ሳያነጋግር ዓመቱን የሚፈጽም ተማሪ ከእነርሱ ይልቅ ብቸኛ ነው ብንል አላጋነንም።

ከዚህ ቀጥለን ወደ ሌላው ችግር እንለፍ። ይህኛው ለማውራት ጣዕም የሌለው፣ ነገር ግን የብዙ ወጣቶችን ድካም ከንቱ የሚያስቀር ነው። እርሱም የፈተናው ወንበር ነው።

የርቀት ትምህርት የሚሰጠው ድርጅትና ፈተናውን የሚሰጠው አካል አብዛኛውን ጊዜ አንድ አይደሉም። ትምህርቱን የሚሸጠው ገንዘቡን ተቀብሎ ጽሑፉን ይልካል። ተማሪው ግን የግል ተፈታኝ ተብሎ የሚቀበለውን ትምህርት ቤት ወይም የፈተና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ማግኘትና ለብቻው መክፈል አለበት። በእንግሊዝ አገር በ2015 በተጀመረውና በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ በተፈተነው በአሁኑ ሥርዓት፣ ከሥነ ጽሑፉ ማርክ 80 በመቶው በመጨረሻው የጽሑፍ ፈተና፣ 20 በመቶው ደግሞ ተማሪው አስቀድሞ አጥንቶ በሚጽፈው ድርሰት የሚገኝ ነው። ይህን ድርሰት የሚያርም፣ የተማሪውም የራሱ ሥራ መሆኑን የሚያረጋግጥ መምህር ያስፈልጋል። ብዙ ትምህርት ቤት ግን የማያውቀውን ሰው ሥራ ለማረጋገጥ አይደፍርም። አይፈረድበትምም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የካምብሪጅ ፈተና በዚህ ረገድ ለግል ተፈታኝ ይቀላል። ሙሉው «ኤ ሌቭል» አራት የፈተና ወረቀቶች አሉት፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ይፈጃል፣ ከጠቅላላው ማርክም 25 በመቶ ይይዛል። በቤት ተጽፎ የሚቀርብ ድርሰት የለበትም። እንግዲህ ሁለቱም በአንድ ስም «ኤ ሌቭል» ይባሉ እንጂ ሥርዓታቸው ልዩ ልዩ ነው። ይህን ሳይለይ የተመዘገበ ሰው ሁለት ዓመት ከደከመ በኋላ በር ተዘግቶበት ያገኘዋል።

ይህ ፍርሃት እንዲሁ የፈጠርነው አይደለም። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የበጋው ፈተና በእንግሊዝ አገር ሁሉ ተሰረዘ። ለተማሪዎች መምህሮቻቸው ሥራቸውን አይተው ውጤት እንዲገምቱላቸው ተደረገ። ትምህርት ቤት ያለው ተማሪ የሚመሰክርለት መምህር አገኘ። ከግል ተፈታኞች መካከል ግን ሥራቸውን የሚያውቅ መምህር ያልነበራቸው በዚያ ክረምት ያለ ውጤት ቀሩ፤ ለመፈተን የፈለጉትም እስከ መጸው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ጥፋታቸው ስንፍና አልነበረም። የሚያውቃቸው ሰው አለመኖሩ ብቻ ነበር። ቀድሞ የተናገርነው ብቸኝነት እዚህም ላይ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ በመጀመሪያ አሳባቸውን የሚፈትን ሰው አልነበራቸውም፤ በመጨረሻም ስለ እነርሱ የሚመሰክር ሰው ጠፋ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል።

ብቸኛውን ተማሪ የሚያስት ሌላም ነገር አለ። እርሱም የተዘጋጀ መልስ ነው። ድሮ በትንንሽ ደብተር ታትሞ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ጥያቄውን ሲነግሩት ወዲያው ድርሰት ጽፎ የሚያቀርብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጥቶአል። መሣሪያውን አንነቅፈውም፤ ያልገባ ቃል ለመጠየቅ፣ ስለ ዘመኑ ታሪክ ለማወቅ ይረዳ ይሆናል። ነገር ግን ሌላው የጻፈውን ድርሰት የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተፈታኝ የፈተናውን ሕግ ከመጣሱም በላይ ያታለለው ራሱን ነው። ዳኛ በሌለበት ክፍል ውስጥ ራሱን ማታለል ደግሞ እጅግ ቀላል ነው። በፈተናው ዕለት አይቶት የማያውቀው ግጥም ቀርቦለት፣ ወረቀቱና ብዕሩ ብቻ በፊቱ ሲቀሩ፣ ያን ጊዜ እውነቱ ይገለጣል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተማሪውን፣ «ተው! አይሆንልህም» ልንለው አልተነሣንም። እንዲያውም «በርታ!» እንለዋለን። ነገር ግን የሚከተሉትን ነገሮች በልቡ እንዲይዝ እንመክራለን።

አንደኛ፤ ለትምህርቱ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የሚፈተንበትን ስፍራ ያግኝ። የትኛውን ፈተና እንደሚወስድ፣ በቤት የሚጻፍ ድርሰት እንዳለበትና እንደሌለበት፣ ካለበትም የሚያረጋግጥለት ማን እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በአንዳንዱ ፈተና መጽሐፉን ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ በአንዳንዱ አይፈቀድም። በተፈቀደበትም ቢሆን መጽሐፉ ማስታወሻ ያልተጻፈበት ንጹሕ መሆን ይገባዋል። ይህን የመሰለውን ትንሽ ነገር በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን በመጀመሪያው ማወቅ ብልህነት ነው።

ሁለተኛ፤ የሚማርበትን ድርጅት ሲመርጥ የሚላኩትን ገጾች ብዛት አይቍጠር። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ይሁን፤ «ድርሰቴን የሚያርመው ማን ነው? በስንት ጊዜስ ይመልስልኛል?» የፒትማንን ካርድ ያስታውስ። የማይመለስ ካርድ ትምህርት አይደለም።

ሦስተኛ፤ ሥራዎቹን ከመተርጐም በፊት መጻሕፍቱን ራሳቸውን ደጋግሞ ያንብብ። ስለ «ኦቴሎ» የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ከማንበብ በፊት «ኦቴሎ»ን ሁለት ጊዜ ማንበብ ይቀድማል። ቴአትር ደግሞ ለጆሮ የተጻፈ ነው፤ ጮክ ብሎ ቢያነበው፣ ሲሠራ ቢያየው ብዙ ይገለጥለታል። የጸጋዬን ትርጉም ወይም የከበደ ሚካኤልን «ሮሜዎና ዡልየት» ከእንግሊዝኛው ጋር እያስተያየ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ሌላው ተማሪ የማያገኘውን ጥቅም ያገኛል። ተርጓሚው አንዱን ቃል ትቶ ሌላውን ለምን እንደ መረጠ ሲጠይቅ፣ ያን ጊዜ የቃልን ክብደት መመዘን ጀመረ ማለት ነው።

አራተኛውና ዋነኛው፤ ጓደኛ ይፈልግ። አንድ ሰው ይበቃዋል። ያው ሰው ለፈተናው መቀመጥ አያስፈልገውም፤ መጽሐፉን ለማንበብና አልስማማም ለማለት የሚደፍር ይሁን እንጂ። ወንድም ወይም እኅት፣ የቢሮ ባልደረባ፣ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀጣጥረው አንዱ ስለ ኦቴሎ ይሟገት፤ ሌላው ይክሰሰው። በሚቀጥለው ሳምንት ስፍራ ይለዋወጡ። ርቀት ቢለያያቸው እንኳ ስልክ አለ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላልና፣ አንዱ ያላየውን ሁለተኛው ያያል።

በዚህ ነገር ከተማሪው ሌላ የሚጠየቁም አሉ። በውጭ አገር ያሉት የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ለበዓልና ለልቅሶ እንደሚሰበሰቡ ሁሉ፣ አዳራሻቸውን በወር አንድ ማታ ለንባብ ቢለቁ የሚከብዳቸው አይመስለንም። በአገር ውስጥም በየከተማው ያሉት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚነበብባቸው ብቻ ሳይሆኑ ስለ መጽሐፍ የሚነጋገሩባቸው አንድ ክፍል ቢኖራቸው፣ በርቀት የሚማረው ሁሉ፣ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም ሆነ ሌላ ትምህርት የያዘው፣ ይጠቀማል። ትምህርቱን የሚሸጡት ድርጅቶች ደግሞ የፈተናውን ነገር በትናንሽ ፊደል ከመጨረሻው ገጽ ከመጻፍ ይልቅ፣ ከምዝገባው በፊት ለተማሪው በግልጽ ማስረዳት ግዴታቸው ነው። ወንበር የሌለውን ፈተና የሚሸጥ ሰው ያልዘራውን እህል እንደሚሸጥ ነው።

ዛሬም ማታ በየስፍራው መብራታቸውን አብርተው የሚያነቡ ወጣቶች አሉ። ብቸኝነታቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ የቅኔ ተማሪም በዛፍ ሥር ብቻውን ይቀመጣል። ነገር ግን ሲነጋ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ወደ ጉባኤው ይሄዳል። የርቀት ተማሪያችንም መጽሐፉን ካጠፈ በኋላ ነገ የሚነግረው ሰው ይኑረው። መጽሐፉን ፖስታ ያመጣለታል፤ ተከራካሪውን ግን ደጅ ወጥቶ የሚጠራው እርሱ ራሱ ነው።